ረጅሙ ሰንሰለት፦ ከሶኖራ በረሃ እስከ ባሌ ማሳ

ከሮቤ ወደ ጎባ ሲጓዙ ዓይን የሚሞላው ስንዴ ነው። የባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ወቅት «ጋና»፣ ሌላውን «ቦና» ይሉታል። ኮምባይነር ገብቶ የሚያጭድበት ሰፊ የስንዴ አገር ነው። ይሁን እንጂ ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም አፈሩ ይዝላል፣ አረሙና በሽታውም ይበረታል። ስለዚህ ልባም ገበሬ አንዱን ወቅት ማሳውን ለባቄላ፣ ለአተር፣ ለተልባ ወይም ለጎመን ዘር ይለቃል። ጎመን ዘር ሲያብብ በአረንጓዴው መሃል ቢጫ ቦታ ይታያል፤ መንገደኛው አይቶት ያልፋል።

በቤት ውስጥም ጎመን ዘር የሚታወቀው በትንሽ ሥራ ነው። ቅጠሉ ለጋ ሳለ ተቀንጥሶ ይቀቀላል፤ ፍሬው ደግሞ ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል። እንጀራ ጋጋሪዋ ምጣዱ ሲግል ከተወቀጠው ቆንጠር አድርጋ ትበትናለች፤ በማሰሻ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ታሸዋለች። ዘሩ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፣ ሸክላው ግን ወዝ ያወጣል። ከዚያ ሊጡ ይዞራል፤ አክንባሎው ይከደናል፤ እንጀራውም ሳይጣበቅ በሰፌድ ይነሳል። በዚያ ሁሉ ግለት ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ከዘሩ የወጣው ጥቂት ዘይት ነው።

ይህ ዘይት በመዋቢያ ገበያ በብዙ ከሚፈለጉት ዘይቶች የአንዱ የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመዱ በፋርማሲና በመዋቢያ ሱቅ በትንሽ ጠርሙስ፣ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ጆጆባ ነው። አንዱ የበረሃ ቁጥቋጦ ነው፣ ሌላው የደጋ ጎመን፤ መልካቸውም አገራቸውም አይገናኝም። ዝምድናቸው እስኪገለጥ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል።

ዘይት ያልሆነው ዘይት

ጆጆባ በሰሜን ሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በሚገኘው የሶኖራ በረሃ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። እንደ ኦኦዳም ያሉ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ፍሬውን ፈጭተው ለተቃጠለና ለቆሰለ ቆዳ ይቀቡት ነበር። ፍሬው ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ሲጨመቅ ወርቅማ ፈሳሽ ይወጣዋል። ለዓይንም ለእጅም ዘይት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1933 በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ግሪን እና ፎስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ፈሳሽ መረመሩትና ያልተለመደ ነገር አገኙ። ፈሳሹ ዘይት አልነበረም፤ ሰም ነበር። እንደ ንብ ሰም የሚጠጥር ሳይሆን በክፍል ሙቀት የሚፈስስ ሰም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኑግ ይሁን ሱፍ፣ ተልባ ይሁን ጎመን ዘር፣ የዘይታቸው አሠራር አንድ ነው፤ ሦስት እግር ያለው በርጩማ ይመስላል። መቀመጫው ግሊሰሮል የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ እግሮቹ ሦስት ፋቲ አሲዶች ናቸው። ቅቤም እንዲሁ ነው፤ የእኛ የሰውነት ስብም እንዲሁ ነው። ጆጆባ ግን በርጩማ የለውም። አንድ ረጅም ፋቲ አሲድና አንድ ረጅም አልኮል ጫፍ ለጫፍ ተያይዘው፣ በአብዛኛው 40፣ 42 ወይም 44 ካርቦን ያለው አንድ ወጥ ሰንሰለት ይሆናሉ። ኬሚስቶች ይህን የሰም ኤስተር ይሉታል።

ይህ የአሠራር ለውጥ የፈሳሹን ጠባይ ሁሉ ይለውጠዋል። ቅቤ ሲከርም ሽታው የሚለወጠው ከግሊሰሮሉ የተለዩት አጫጭር ፋቲ አሲዶች ስለሚሸቱ ነው፤ የምግብ ዘይትም በርካታ ድርብ ትስስሮች ስላሉት አየር ይበላዋል። ጆጆባ የሚበጠስ አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው ያለው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰንሰለትም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቀመጣል፣ ግለትም ይችላል። የሚረጋው ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ ነው። በቀዝቃዛ ሌሊት ጎባ ላይ መስኮት ሥር ያደረ የጆጆባ ጠርሙስ ጠዋት ደፍርሶና ወፍሮ ቢገኝ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በእጅ መሃል ሲይዙት ይፈታል። እንዲያውም በቅዝቃዜ መርጋቱ ከተለመደው የምግብ ዘይት መለያ ከሚሆኑት ምልክቶች አንዱ ነው።

ዓሣ ነባሪው

ግኝቱ ለጥቂት አሥርት ዓመታት የላቦራቶሪ ጉዳይ ሆኖ ቆየ። ያኔ ዓለም ፈሳሽ ሰም የሚያገኝበት ሌላ ምንጭ ነበረው፤ ስፐርም የተባለው ትልቅ ዓሣ ነባሪ። በራሱ ውስጥ የተሸከመው ቅባት በአብዛኛው የሰም ኤስተር ነበር፤ የማሽን ማለስለሻ፣ የመኪና ካምቢዮ ዘይትና የፊት ክሬም ይሠራበት ነበር። ቅባቱን ለማግኘት ግን እንስሳው መገደል ነበረበት፤ እየተገደለም ቁጥሩ ተመናመነ። እ.ኤ.አ. በ1970 አሜሪካ ስፐርም ዓሣ ነባሪን ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ውስጥ አስገባች፤ ቅባቱን ወደ አገር ማስገባትም ተከለከለ። ያን ጊዜ የ1933ቱ ግኝት ከመደርደሪያ ወረደ፤ ዓሣ ነባሪን ሊተካ የሚችል ቁጥቋጦ ተገኝቷልና።

ጆጆባን መትከል ግን ቀላል አልነበረም። ወንድና ሴት ተክሉ የተለያየ ነው፤ ፍሬ የምትሰጠው ሴቲቱ ብቻ ናት፣ ከዘር የበቀለው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀውም ከዓመታት በኋላ ሲያብብ ነው። ምርት ለመስጠትም ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ ዘይቱ ለማሽን የማይቀመስ ውድ ሆነ። ያን ዋጋ የሚከፍል ገበያ ግን አልጠፋም። የፊት ክሬምና የፀጉር ቅባት የሚሠሩ ድርጅቶች ጆጆባን ወሰዱት፤ ለካምቢዮ የታሰበው ፈሳሽ ፊት ላይ ዋለ።

ቆዳ ላይ ምን ይሠራል?

ቆዳችን የራሱን ወዝ ያመነጫል። ይህ ወዝ የበርጩማው ዓይነት ቅባት፣ ፋቲ አሲዶችና ስኳሊን የሚባል ንጥረ ነገር ድብልቅ ሲሆን፣ ሩብ ያህሉ ደግሞ የሰም ኤስተር ነው። ጆጆባ ከቆዳ ጋር የሚስማማው እዚህ ላይ ነው፤ ከወዛችን አንዱ ክፍል ጋር በአሠራር ይመሳሰላል። በማስታወቂያ «ከሰው ወዝ ጋር አንድ ዓይነት» ሲባል የሚሰማው ግን የተጋነነ ነው። ቤተሰቡ አንድ ቢሆንም የሰንሰለቱ ርዝመትና ቅርጽ ይለያል፤ ጆጆባ ውስጥም ስኳሊን የሚባል ያህል የለም።

ሥራው ቀላልና ጠቃሚ ነው። የላይኛው የቆዳ ንብርብር ሲደርቅ ቅርፊቶቹ ይነሳሉ፤ በመካከላቸው ውኃ ይተናል። ጆጆባ በቅርፊቶቹ መካከል ገብቶ ያለሰልሳቸዋል፣ ላያቸው ላይም በስሱ ተነጥፎ የውኃውን መትነን ያዘገያል። ቅባቱ ወፍራም ስላልሆነ ቆዳን አያፍንም፤ ወዙ የበዛ ሰውም ሳይከብደው ሊቀባው ይችላል።

ይህ ለባሌ ሰው ቅንጦት አይደለም። ሮቤ ወደ 2500 ሜትር፣ ጎባ ከዚያም በላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጡ 4000 ሜትር ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4377 ሜትር ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ብርዱ፣ ንፋሱና ደረቁ አየር ሲደመሩ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ የጣት አንጓ ይሻክራል፣ ተረከዝ ንቃቃት ያወጣል። በፈረስ ማለዳ የሚወጣ ሰው ጉንጩን ቢያሳይ ይህን ሁሉ ያለ ቃል ይናገራል።

ጆጆባ ያለው ሰው በሚከተለው መንገድ ቢጠቀምበት ይጠቅመዋል። ፊት ወይም እጅ ከታጠበ በኋላ ውኃው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጥቂት ጠብታ መዳፍ ላይ አሽቶ መቀባት፤ ርጥበቱ ከሥሩ ይያዛል። ከንፈር፣ ክርንና ተረከዝ ላይ ማታ ማታ መደጋገም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀም ሰው ክርኑ ውስጥ በኩል ቀብቶ አንድ ቀን ቢጠብቅ ይሻላል፤ አልፎ አልፎ የሚያሳክከው ሰው አለና። ጆጆባ ፀሐይ አይከላከልም፤ ለሳነቴ ፀሐይ ባርኔጣና ነጠላ ይበልጡታል። አይጠጣም፣ አይበላምም፤ አንጀታችን የሰም ኤስተርን በሚገባ አያፈጭም። የብጉር መድኃኒት ነው የሚባለውም ገና ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2012 በጀርመን የወጣ አንድ ጥናት ጆጆባ ያለበት የሸክላ ጭቃ ማስክ ብጉር እንደቀነሰ ቢዘግብም፣ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም።

ቆዳን ማለስለስ ለኢትዮጵያ ደጋ የቁንጅና ጉዳይ ብቻ ያልሆነበት ትልቅ ምክንያት አለ። በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት በሚሄዱ ሰዎች ላይ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባል የእግር እብጠት ይደርሳል፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። ሕክምናው በየቀኑ መታጠብ፣ እግርን መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባትና ጫማ ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ በኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ በመዘፍዘፊያው ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን ሲጨመር የእግሩ ቆዳ መከላከያ ንብርብር ከተለመደው ሕክምና በተሻለ ሁኔታ እንደሚጠገን አሳይቷል። ግሊሰሪን ማለት ከላይ የጠቀስነው ግሊሰሮል፣ የበርጩማው መቀመጫ ነው። ይህን አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ ላይ ያስፈልገናል።

ሁለት ኢንዛይሞች

ጆጆባ ውድ ሆኖ ሲቀር ጥያቄው ተለወጠ። ቁጥቋጦውን ወደ እርሻ ማምጣት ካልተቻለ፣ ሰሙን የሚሠራበትን ጥበብ ወደ ሌላ ተክል መውሰድ ይቻል ይሆን?

መልሱ የመጣው ፍሬው እንዴት ሰም እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ሲገለጥ ነው። ጆጆባም መጀመሪያ የሚሠራው እንደ ማንኛውም ተክል ፋቲ አሲድ ነው። ከዚያ ሰንሰለቱን ያረዝመዋል፤ 18 የነበረው ካርቦን 20፣ 22 ይሆናል። ቀጥሎ አንድ ኢንዛይም ከረጃጅሞቹ አሲዶች ከፊሉን ወደ አልኮል ይለውጣል። በመጨረሻ ሌላ ኢንዛይም አሲዱንና አልኮሉን ያጋጥማቸዋል፤ ሰም ይሆናል። ከማርዘሙ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ የሁለት ኢንዛይሞች ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ፣ ካልጂን በተባለው ድርጅት የነበሩ ተመራማሪዎች እነዚህን ሁለት ኢንዛይሞች የሚሠሩትን የጆጆባ ጂኖች መለየታቸውን አሳተሙ። ጂኖቹን ሰንሰለት ከሚያረዝም ሌላ ጂን ጋር አራቢዶፕሲስ በሚባል ትንሽ የላቦራቶሪ አረም ውስጥ ሲያስገቡ፣ የአረሙ ፍሬ ሰም ማከማቸት ጀመረ። ቁጥቋጦው ብቻ ያውቀዋል የተባለው ሥራ በአንዲት ስንዝር በማትሞላ አረም ተሠራ።

አራቢዶፕሲስ ከጎመን ቤተሰብ ነው፤ ለእርሻ ግን አይሆንም፣ ፍሬው ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ሆኖም ግኝቱ መንገዱን አመለከተ። ተፈላጊው በማሳ የሚዘራ፣ በአንድ ወቅት የሚደርስና ከሁሉ በላይ ረጃጅሙን ሰንሰለት ቀድሞውኑ በራሱ የሚሠራ ተክል ነበር። እንዲህ ያለ ተክል በጎመን ቤተሰብ ውስጥ ሞልቷል፤ ኤሩሲክ አሲድ የሚባል 22 ካርቦን ያለው ፋቲ አሲድ የዚህ ቤተሰብ መለያ ነው። ከጆጆባ አልኮሎች ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ከዚሁ ከኤሩሲክ አሲድ ጋር የሚመጣጠነው ባለ 22 ካርቦኑ አልኮል ነው። ጆጆባና ጎመን የተገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ሰንሰለታቸው አንድ ነው፣ አንዱ በበርጩማ እግርነት ይሰካዋል፣ ሌላው ጫፍ ለጫፍ ይቋጥረዋል።

በስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ተባብረው እጩዎቹን መረጡ። ለምግብ በሰፊው የሚዘራ ተክል እንዳይሆን ተጠነቀቁ፤ የኢንዱስትሪው ዘይት ከሚበላው ጋር እንዳይቀላቀል። ሦስት ተክሎች ላይ ሠሩ። አንዱ ካሜሊና ነው። ሁለተኛው ክራምቤ አቢሲኒካ፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ስሙን ያገኘና ከዘይቱ ከግማሽ በላይ ኤሩሲክ አሲድ የሆነ ተክል ነው። ሦስተኛው ብራሲካ ካሪናታ ነው፤ ከሮቤ እስከ ጎባ መንገድ ዳር በቢጫ የሚያብበው የእኛው ጎመን ዘር። የዘይቱ 40 በመቶ ያህል ኤሩሲክ አሲድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ ታተመ። በሦስቱም ተክሎች ከዘይታቸው ከ20 በመቶ በላይ የሰም ኤስተር የሆነ ዘር ተገኘ፤ ክራምቤ ማሳ ላይ ተዘርቶም ታየ። ዓሣ ነባሪን ይተካል የተባለውን፣ በረሃ ያበቀለውን ቁጥቋጦ ሊተኩ ከተመረጡት ሦስት ዕፅዋት ሁለቱ የኢትዮጵያን ደጋ ዝምድና የተሸከሙ ሆኑ። በባሌ ማሳ ላይ ያለው የቀደመው፣ ያልተነካው ዘር ነው፤ ስለ ጆጆባ የተነሳው ጥያቄ ግን ምን ያህል ጥሬ ሀብት በውስጡ እንዳለ አጋልጦታል።

ጎመን ዘር ዓለምን ሲዞር

ጎመን ዘር ከውጭ ላቦራቶሪዎች የደረሰው በድንገት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1935 ዉ ጃንግ ቹን የተባለው ተመራማሪ በጃፓን ባሳተመው ጥናት የጎመን ዘመዶችን ዝምድና ሲፈታ፣ የኢትዮጵያው ጎመን ዘር የሁለት ተክሎች ውሕድ መሆኑን አሳየ። ከአንዱ ወላጁ ከጥቁር ሰናፍጭ 16፣ ከሌላው ከጥቅል ጎመን ዘመድ 18 ክሮሞዞም ወርሶ 34 ይዟል። ድርቅን፣ ሙቀትንና በሽታን መቻሉ ከዚህ ድርብ ውርስ ጋር ይያያዛል።

ከዚያ የእኛው ሰዎች ገቡበት። የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ከለቀቃቸው የጎመን ዘር ዝርያዎች አንዱ «ቢጫ ዶዶላ» ይባላል፤ ያኔ በባሌ ሥር በነበረችው፣ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዶዶላ ስም። ኢትዮጵያዊው የቅባት እህል ተመራማሪ ጌትነት ዓለማው እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ከራኮው፣ ከራኒና ከዳውኒ ጋር ባሳተመው ሥራ ደግሞ፣ ጎመን ዘርን ከሌላ ሰናፍጭ ጋር አዳቅሎ ኤሩሲክ አሲድ የሌለበት ዘር ማግኘት እንደሚቻል አረጋገጠ። ምክንያቱ ምግብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤሩሲክ አሲድ የበዛበት ዘይት የአይጦችን ልብ እንደሚጎዳ በመታየቱ፣ ለምግብ የሚሆን ዘይት ኤሩሲክ እንዲቀንስበት ዓለም ይፈልግ ነበር።

እንግዲህ አንዱ ዘር ሁለት መንገድ ወጣለት። ለወጥ የሚሆነው ኤሩሲኩን ይቀንሳል፤ ለኢንዱስትሪና ለመዋቢያ የሚሆነው ያንኑ ኤሩሲክ ይፈልጋል። ሁለተኛው መንገድ ሩቅ ሄዷል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2012 በካናዳ አንድ ፋልከን 20 ጄት ከሌላ ነዳጅ ጋር ሳይቀላቀል፣ ከጎመን ዘር ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ በረረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የቃንታስ ቦይንግ 787 ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር 10 በመቶ ነዳጁ ከዚሁ ተክል የመጣ ነበር።

ወደ ቆዳና ፀጉር ስንመለስ ደግሞ ሰንሰለቱ ከምናስበው በላይ ይቀርበናል። ሮቤ ላይ ፀጉር ቤት ውስጥ ያለ የኮንዲሽነር ጠርሙስ ቢገለበጥ፣ ከንጥረ ነገሮቹ መካከል ቤሄንትሪሞኒየም ክሎራይድ ወይም ቤሄኒል አልኮል የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ሁለቱም ባለ 22 ካርቦን ሰንሰለቶች ናቸው፤ በአብዛኛው የሚሠሩት ኤሩሲክ አሲድ ካለበት የጎመን ቤተሰብ ዘይት ነው። ፀጉር እንዲላላና እንዲፈታ የሚያደርገው ያ ረጅም ሰንሰለት ነው። ከክራምቤ የተጣራው ዘይትም ለፊትና ለፀጉር የሚሆን ቅባት ተደርጎ፣ በአቢሲኒያ ስም ተጠርቶ በአውሮፓና በአሜሪካ ይሸጣል። ስሙ የእኛ ሆነ ማለት ግን የባሌ ወይም የጎጃም ገበሬ ድርሻ ያገኛል ማለት አይደለም።

ቆዳችንን ግን እንዳናቃጥል

ይህን ያነበበ ሰው ጎመን ዘር ወቅጦ ፊቱን ልቀባ ቢል እለምነዋለሁ፣ እንዳያደርገው። ጎመን ዘር ደረቅ ሳለ ዝም ያለ ነው። ተወቅጦ ውኃ ሲነካው ግን በውስጡ ያለ ኢንዛይም ሲኒግሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ይሰብረዋል፤ ያን ጊዜ ዓይን የሚያስለቅሰው፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይለኛ ቅመም ይወጣል። ቆዳ ላይ ከቆየ ያቀላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። የጋለ ምጣድ ላይ ሲበተን ያ ኢንዛይም በእሳቱ ይሞታል፤ የሚቀረው ዘይቱ ብቻ ነው። ቆዳ ላይ ግን ያን ሥራ የሚሠራ እሳት የለም።

የተጣራ ዘይት እንኳ ሁሉን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ2002 ጋሪ ዳርምስታድትና ባልደረቦቹ የተለያዩ ዘይቶችን በአይጥ ቆዳ ላይ ሲያነጻጽሩ፣ የሱፍ ዘይት የተጎዳውን ቆዳ ማገገም ሲያፋጥን፣ የጎመን ዘር ዘመድ የሆነው የሰናፍጭ ዘይት ግን አዘግይቶታል። ስለዚህ የጎመን ዘር ዘይት በጠርሙስ ሲገባ ጆጆባ አይሆንም። ሰንሰለቱ አንድ ቢሆንም፣ ቆዳ የሚያየው እንዴት እንደተቋጠረ ነው። ከግኝቱ ሁሉ እኔ ትልቁን ትምህርት የምወስደው ከዚህ ነው፦ የጎመን ዘር ሀብት ያለው ዘይቱን ፈትቶ መልሶ በመቋጠር ውስጥ ነው።

ይህ ደግሞ የጂን ሥራ አይጠይቅም። ዘይት ከሶዳ ጋር ሲፈላ ይፈታል፤ ሳሙና የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ከ100 ኪሎ ዘይት ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ግሊሰሪን ይለያል፤ እግሮቹ፣ ማለትም ረጃጅሞቹ ፋቲ አሲዶች፣ ለሳሙናና ለክሬም ጥሬ ዕቃ ይሆናሉ። ከላይ አንባቢ ይያዝልኝ ያልሁት ግሊሰሪን ይኸውና። ጆጆባ ውስጥ የሌለው፣ ጎመን ዘር ውስጥ ያለው፣ ለዝሆኔ ሕመምተኛ እግር 2 በመቶ ብቻ ሲጨመር ለውጥ ያመጣው ንጥረ ነገር ከዚሁ ዘር ይወጣል። ከጆጆባ የለየው የበርጩማው መቀመጫ ራሱ ለቆዳ ይጠቅማል።

የሚያስፈልጉት ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ያህል ቅርብ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የባሌን ደጋ ሰብሎች ሲያጠና የኖረው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል ከሮቤ በስተምሥራቅ አለ፤ የትኛው ዘር በየትኛው ወቅት እንደሚያዋጣ ያውቃል። ኬሚስትሪና ጤና የሚያስተምረው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ነው። የቆዳ ሕመምተኛ የሚመጣበት የጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዘሩን የሚያውቅ፣ ዘይቱን የሚፈታና ቆዳውን የሚያክም በአንድ ጠዋት ተገናኝተው ሊነጋገሩ ይችላሉ።

ቢነጋገሩ ከሚጠቅመው የመጀመሪያው ገበሬው ነው። ጎመን ዘርን የሚዘራው ስንዴው እንዲያርፍ ብሎ ነው፤ ገበያው ከምጣድ ማሰሻና ከጥቂት ዘይት መጭመቂያ ሲያልፍ ግን ያ የዕረፍት ወቅት የገቢ ወቅት ይሆናል። ስንዴውም ይተርፋል፣ አፈሩም ያገግማል። ሁለተኛው ተጠቃሚ እግሩ የሚያብጥበት ሰው ነው፤ ግሊሰሪኑ ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አይኖርበትም። ሦስተኛው፣ ውድ የጆጆባ ጠርሙስ መግዛት የማይችለው የደጋ ሰው ነው፤ በአቅሙ የሚገዛው፣ በአገሩ ዘር የተሠራ፣ በአገሩ ሆስፒታል የተፈተነ ቅባት ይገባዋል።

ጆጆባን ያገኙት ሰዎች የበረሃ ሕዝብ ለዘመናት የሚያውቀውን ፍሬ ወስደው አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ ከምንድን ነው የተሠራኸው? ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ ከዓሣ ነባሪው እስከ ኢንዛይሞቹ፣ የዚያች ጥያቄ ልጅ ነው። ጎመን ዘራችንን ሌሎች ጠይቀውታል፤ መልሱንም በካናዳ፣ በስዊድንና በአሜሪካ ጽፈውታል። አሁን ተራው የሮቤና የጎባ ነው፤ ለባሌ ቆዳ፣ በባሌ ብርድና ፀሐይ ሥር፣ ምን ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቁት እነሱ ናቸው።